ሁለት ቁራጭ ጎማ ለበረዶው ተራራ

ከአገር የወጣሁ ማታ አባቴ አላለቀሰም። እናቴ አልቅሳለች፤ አክስቶቼ አልቅሰዋል፤ ሚኒባሱን ይዞልን የመጣው የጎረቤት ልጅ እንኳ መሪው ላይ ተደፍቶ ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። አባቴ ግን ቦሌ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ካፊያው ትከሻው ላይ እየወረደ፣ ሻንጣዬን አጋድሞ ጎማዎቹን ይመረምር ነበር። አንዷን በጣቱ አሽከረከራት፤ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማት፤ ከዚያ ቀና አለና፣

"ይቺ የግራዋ አታደርስሽም" አለኝ።

"አባዬ፣ እኔ እኮ የምሄደው በአውሮፕላን ነው።"

"ከአውሮፕላኑ ስትወርጂስ?"

ሌላ ስንብት አልነበረንም። ግንባሬን ሳመኝ፤ ከዚያ የከባድ መኪና ሾፌሮች ለጉዞ ሲነሱ እንደሚያደርጉት የሚኒባሱን የኋላ ጎማ በጫማው መታ መታ አድርጎ ዞር አለ። ሜልበርን ስደርስ የግራዋ ጎማ ከመሬቱ ጋር ሳትተዋወቅ ተሰብራ ቀረች። ሻንጣዬን እንደ እምቢተኛ በግ እየጎተትኩ በዚያ በሚያብረቀርቅ ወለል ላይ ሳልፍ ነው እኔ ያለቀስኩት። ናፍቆት ይሁን ብሽቀት እስካሁን አለየልኝም።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መጀመሪያ በአሰብ መስመር፣ አሰብ ሲዘጋ በጅቡቲ። ልጅ ሆኜ ከመንገድ በገባ ቁጥር ጭኑ ላይ አስቀምጦ "አንድ ቀን አሰብ ወስጄ ባሕር አሳይሻለሁ" ይለኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ሴት ልጅ በከባድ መኪና አፋር በረሃ ምን ትሠራለች ብላ ትቆጣለች። ትንሽ ከፍ ስትል ተባለ፤ ትንሽ ከፍ አልኩ። ትምህርት ሲዘጋ ተባለ፤ ትምህርት ሲዘጋ መንገዱም ተዘጋ። ስለዚህ እኔ የሾፌር ልጅ፣ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጬ ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም። ይህንን ያዙልኝ፤ ወደፊት የምነግራችሁ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ሜልበርን መጀመሪያ ያረፍኩት ፍሌሚንግተን፣ ከረጃጅሞቹ የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ ከአንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ጋር ነው። ሊፍቱ ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛ ሰላም እየተባባልን እንወርድና ትራም ላይ ስንወጣ ሁላችንም ጸጥ እንላለን። ቲማቲሙ ቀይ ነው፣ ሽታ ግን የለውም። ሰው "ሃው አር ዩ" ይላችሁና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል፤ እኔ መጀመሪያ ሰሞን ቆሜ ከልቤ እመልስ ነበር፣ የእናቴን ስኳር በሽታ ሳይቀር። አየሩ ጠዋት ሐምሌ፣ ቀትር ላይ ሚያዝያ፣ ማታ ተመልሶ ሐምሌ ነው። ኋላ ክሬጊበርን አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት መንዳት ጀመርኩና ሜልተን ቤት ተከራየሁ። አንዱ በሰሜን ሌላው በምዕራብ የከተማው ጫፍ ስለሆነ ኑሮዬ መኪና ውስጥ ሆነ።

ጓደኞቼ አገቡ፣ ወለዱ፣ ቤት ገዙ። እኔ መኪና ገዛሁ። ሁለት በር ያላት፣ ቀይ፣ የጃፓን ስፖርት መኪና። ከእኔ በፊት የያዛት ጎረምሳ የፋብሪካውን ሞላ አውጥቶ አጭርና ጠንካራ ሞላ ስላስገባባት መሬት ልትልስ ምንም አልቀራት። ደረቅ መንገድ ላይ ኩርባ ስትይዝ ግን እንዴት እንደምትነዳ ልነግራችሁ አልችልም፤ መሪውን ከማሰቤ በፊት ትታጠፋለች። ከሺፍት ወጥቼ በዚያች መኪና ወደ ቤት ስመለስ ስደተኛ መሆኔን የምረሳበት ጊዜ ነበር። የፓስተራችን ባለቤት እትዬ አልማዝ ከአምልኮ በኋላ ዙሪያዋን ዞረው አዩዋትና፣

"ቤዛዬ፣ ይቺ መኪና ይገባባታል ወይስ ትለበሳለች?" አሉኝ።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ብቻውን ቀረ። ስልክ በደወልኩ ቁጥር ደህና ነኝ ይላል፤ ደህና ነኝ የሚለው ድምፁ ግን በየወሩ ይቀጥናል። ኢሚግሬሽን ሁለት ጊዜ ከልክሎት በሦስተኛው ሲፈቅድ፣ "ምን ላምጣልሽ?" አለኝ። ምንም አልኩት። "መኪናሽ ግቢ ስትገባ ሆዷ ይፈተጋል አላልሽም?" አለኝ። እንዲያው ለወሬ ያነሳሁት ነገር ነበር፤ ረስቼዋለሁ።

በሰኔ መጣ። የእነሱ ክረምትና የእኛ ክረምት በአንድ ወር ስለሚገጥም፣ ከጭቃ ወጥቶ ብርድ ውስጥ ገባ። እኔ ኤርፖርቱ ውስጥ ከመስተዋቱ ውጭ ቆሜ ስጠብቅ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ወጥቶ አለቀ፤ አባቴ የለም። በመጨረሻ ወጣ፤ ፊቱ የሆነ ተአምር ያየ ሰው ይመስላል። ነገሩን ያወራኝ ወደ መኪናው ስንሄድ ነው። ፍተሻ ላይ ሻንጣው ሲከፈት ሽሮ፣ በርበሬ፣ ከዚያ በነጠላ የተጠቀለለ ጥቁር ነገር ተገኘ። በስልክ አስተርጓሚ ተጠራ።

"ጋሼ፣ ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው እያሉ ነው።"

"ጎማ ነው።"

"የሚበላ ነው ወይ ይላሉ።"

"ጎማ ነው አልኩህ እኮ፤ የከባድ መኪና ጎማ።"

"ነግሬያቸዋለሁ ጋሼ። ስንጥቁ ውስጥ አፈር አለ ነው የሚሉት። የውጭ አፈር እዚህ አገር አይገባም።"

"የጅቡቲ መንገድ አፈር ነው። ማንን ይጎዳል?"

አዲስ አበባ መኪና ያላችሁ ነገሩ ገብቷችኋል። እኛ አገር አነስተኛ መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ከፍ ማስደረግ ነው፤ ለጉድጓዱ፣ ለድንጋዩ፣ ለክረምት ውሃው። ሞላው መሃል ጎማ ይሰካል፣ መኪናዋ ሽቅብ ትነሳለች። አባቴ በገዛ እጁ ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ሁለት ቁራጭ ቀርፆ፣ ጠርቦ፣ አለስልሶ ይዞልኝ መጥቷል። እና አፈሩስ ምን ሆነ አልኩት።

"ፈታሿ አጠበችልኝ" አለኝ። "ጓንት አጥልቃ፣ ብሩሽ ይዛ፣ ስንጥቁን ሳይቀር። እኔን ወንበር ላይ አስቀምጣ።" ቆመና ክንዴን ያዘኝ። "መንግሥት፣ ቤዛ። መንግሥት ጎማዬን አጥቦ በሁለት እጁ መለሰልኝ።"

ስንቱን ኬላ ያለፈ ሰው ነው። ኬላ ላይ የሚወሰድ እንጂ ታጥቦ የሚመለስ ነገር አይቶ አያውቅም።

መኪናዬ ጋ ስንደርስ በቀኝ በኩል ሊገባ ሄደ፤ እዚህ ያ የሾፌሩ በር ነው። ወደ ግራ አመጣሁትና ጎንበስ፣ ጎንበስ፣ አሁንም ጎንበስ ብሎ ገባ። እሱ የሚያውቀው የሾፌር ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ግን መሪ የለም። መንገዱን ሙሉ ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ነበር። ሜልተን መግቢያ ላይ መንገዱ ተቆፍሮ አዲስ ኮረብታና ጉድጓድ ሆኗል፤ አንዱ ውስጥ ስንወድቅ እጀታውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ወገቡን ባሌስትራ የሚሉት የከባድ መኪና ሞላ በልቶታል፤ ይህን አውቃለሁ፤ ግን እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቤት ስንደርስ ብቻውን መውጣት አቃተው። ብብቱን ይዤ ሳነሳው፣ "መኪናሽ ቆንጆ ናት፤ ለዓይን" አለ።

ከዚያ በኋላ መኪናዬ ውስጥ አልገባም አለ። አልገባም አላለም፤ እግሬን ላፍታታ ነው የሚለው። ቤተ ክርስቲያን በፓስተሩ ቫን ይሄዳል። ሱቅ ስንሄድ ባስ እንሞክር ይላል። እኔ ደግሞ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ያሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ከሜልበርን ጥቂት ሰዓት ነድታችሁ ስትወጡ ሌክ ማውንቴን የሚባል ተራራ አለ፤ በክረምት አናቱ በበረዶ ይሸፈናል። አባቴ በረሃ ለበረሃ ያረጀ ሰው ነው፤ እሱ የሚያውቀው በረዶ እንደ ጠጠር ወርዶ የመኪና መስተዋት የሚሰብረውን ነው። ከአጠገቤ አስቀምጬ፣ እኔ ነድቼ፣ ነጭ ተራራ ላሳየው ፈለግሁ። እሱ ባሕሩን ሊያሳየኝ አልቻለም፤ እኔ በረዶውን ላሳየው። ቪዛው ነሐሴ ላይ ያልቃል፤ ወገቡን ሳየው ደግሞ ሁለተኛ ያን ሁሉ በረራ የሚችል አልመሰለኝም።

"ትልቅ መኪና ሬንት እናድርግ" አልኩት።

"በልጄ መኪና ካልሆነ አልሄድም" አለኝ። "በሰው መኪናማ ዕድሜዬን ሙሉ ሄጃለሁ።"

እንግዲህ ሰስፔንሽን፣ ሞላውንም ሾኩንም፣ ምረጪ ተባልኩ ማለት ነው። ከእሑድ አምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ነገሩን አነሳሁት፤ ምነው ባላነሳሁት። ወንዶቹ ሁሉ መኪናዬን ከበቧት። ብርሃኑ የሚባል የታክሲ ሾፌር ወንድማችን አጎንብሶ አይቶ "ከፍ አስደርጊያት" አለ። ሌላው "ከፍ!" አለ። ፓስተሩ ሳይቀር "ከፍ ያለ ነገር መልካም ነው" አለና ሰው ሳቀ። ዝቅ ያለች መኪና ለእኛ ሰው ያለፈላት ሳትሆን የታመመች ናት። እንግሊዝኛው የሚቀናቸው ልጆቻቸው ግን "ኖ ዌይ፣ ዶንት ሬይዝ ኢት" ብለው ለመኪናዬ ተከራከሩላት። አባቴ ከቫኑ አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። ዝም ማለቱን ስምምነት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እቅድ ነው።

በማግስቱ የቤቱ ኤጀንት ለኢንስፔክሽን መጣች። በየጊዜው መጥታ ምድጃ የምትከፍት፣ ግድግዳ በጣቷ የምትነካ ቀጭን ሴት ናት። ከሥራ ቀርቼ ቤቱን ሳጸዳ ውዬ በሩን በፈገግታ ስከፍትላት፣ እሷ የምታየው ከኋላዬ ያለውን ሳይሆን ከኋላዋ ያለውን ነው። ግቢው መግቢያ ላይ፣ ከመኪናዬ ሥር፣ በካርቶን ላይ የተዘረጉ ሁለት እግሮች ወጥተዋል። አንዱ ካልሲ ቡኒ ነው፣ አንዱ ሰማያዊ።

"ማነው?" አለች።

"አባቴ ነው።"

"የኪራይ ውሉ ላይ ስሙ አለ?"

"የለም። ቪዛ ላይ ነው ያለው።"

ጻፈች። "እዚያ ሥር ነው የሚኖረው?"

"አይ፣ ክፍል አለው። ለጊዜው ነው እዚያ ያለው።"

"ለምን ያህል ጊዜ?"

ይህን ጊዜ አባቴ ከሥር፣ "ቤዛ፣ ክሪኩን አንሺልኝ፤ ይቺ ሴትዮ ሻይ ትጠጣ እንደሆን ጠይቂያት" አለ። ተረጎምኩላት። ሻዩን አልፈልግም አለች፤ ዘይት ካንጠባጠበ ግን ኮንክሪቱን እኔ እንደማስጠግን፣ በዚህ ግቢ መኪና መፍታት እንደማይፈቀድ ነገረችኝ። ከዚያ ምድጃውን ከፍታ አየችና ሄደች። አባቴን ከሥር ሳወጣው ወገቡ ተቆልፎ ነበር። ሁለቱን ጎማዎች በደረቱ ላይ እንደ ሕፃን አቅፏቸዋል፤ አልገቡለትም፤ ሞላው ለእሱ ጎማ በጣም አጭርና ጠባብ ነው።

"አባዬ፣ ባለሙያ ጋ እንሂድ።"

"እኔ ምንድን ነኝ?" አለ፤ ግን ቀስ ብሎ ነው ያለው።

ኮበርግ በሚባል ሰፈር ጋራዥ ያለው ቪቶ የሚባል ሽማግሌ አለ፤ ልጅ ሆኖ ከጣሊያን የመጣ። የዌርሃውስ ጓደኛዬ ናት የነገረችኝ። አባቴ ጎማዎቹን በነጠላ ጠቅልሎ ይዞ በባቡር ሄደ፣ እኔ መኪናዋን ነዳሁ፤ ጣቢያው በር ላይ ተገናኘን። ይህን ለቪቶ ስነግረው ሳቀና መጀመሪያ የጠየቀኝ ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፣

"ለማን ነው የሚሠራው? ለአንቺ ኩርባ ነው ወይስ ለእሳቸው ወገብ?"

"ለሁለቱም" አልኩት። "በበረዶ ላይም።"

መኪናዋን አነሳና ጣቱን በጎማውና በጎማው ሽፋን መሃል ሊያስገባ ሞከረ። አልገባም። "አየሽ" አለኝ፣ "ተራራ ስትወጪ በጎማሽ ላይ የሚታሰር ቼይን ይዘሽ መሄድ ግዴታ ነው። ዛሬ ብታስሪው አካሏን ይቆርጠዋል።" ከዚያ ዘርዝሮ አስረዳኝ። ጠንካራና አጭር ሞላ ደረቅ መንገድ ላይ ይይዛል፤ ረጥቦ በቀዘቀዘ መንገድ ላይ ግን ጎማው መንገዱን ከመከተል ይልቅ ይዘላል። የሞላውን ዝላይ የሚያበርደው ሾካብዞርበር ውስጥ ያለው ዘይትም በብርድ ስለሚወፍር፣ መኪናዋ ገና ስትነሳ የባሰ ትጠነክራለች። የፋብሪካውን ሞላ ብመልስ ለስላሳ ነው፣ ርካሽም ነው፤ ግን የምወዳት መኪና ትጠፋለች። ወይም ደግሞ አለ፣ ሞላው ከፋብሪካው ቁመት ብዙ የማይርቅ፣ ሾኩ ደግሞ አናቱ ላይ በምትዞር ቁልፍ የሚላላና የሚጠብቅ አለ። በበጋ አጥብቄ ለራሴ፣ በክረምት አላልቼ ለአባቴ።

አባቴ ይህንን ሁሉ አልሰማም፤ እንግሊዝኛ አያውቅም። ነጠላውን ፈትቶ ጎማዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሞላውን በጣቱ እያሳየ፣ "ሞላ" አለ።

ቪቶ ዞረ። "ሞላ?"

"ሞላ" አለ አባቴ፣ ትዕግሥቱ እያለቀ። "ባሌስትራ አይደለም። ሞላ።"

ሽማግሌው መፍቻውን አስቀመጠ። "ባሌስትራ" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ማርሽ ሳጥኑ ጠቁሞ አባቴን ጠየቀው። "ካምቢዮ" አለ አባቴ። ቪቶ ክላቹን ጠቆመ። "ፍሪሲዮን" አለ አባቴ። ቪቶ እጁን በጨርቅ ጠርጎ አባቴን ጨበጠው። ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ዘይት ሲነካቸው በኖሩ እጆቻቸው ተያይዘው ቆሙ። አባቴ እነዚህ ቃላት ከጣሊያን እንደመጡ አያውቅም፤ ሲሠራ ያገኛቸው የጋራዥ አማርኛ ናቸው። ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ፣

"ሰውዬው አማርኛ ይችላል" አለኝ።

እዚያ ቆሜ ደንግጬ አየሁዋቸው። እኔ ከዚህ አገር ጋር ለመግባባት ስንት ክላስ ወስጃለሁ፤ አባቴ ግን ኮበርግ ውስጥ በአንድ የመኪና ሆድ ሥር ወንድም አገኘ።

ጎማዎቹን ግን ቪቶ አልተቀበለም። አንስቶ አሸተታቸው፣ አደነቀ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ሕጉ አይፈቅድም፤ ሞላ ውስጥ የተሰካ ጎማ መንገድ ላይ ተፈናጥሮ ቢወጣ ሰው ይገድላል አለኝ። ለአባቴ እንዴት እንደምተረጉመው ጨነቀኝ። "ጎማው በጣም ጥሩ ነው ግን..." ስል አቋረጠኝ። "ገብቶኛል" አለና ሁለቱን ቁራጮች መልሶ በነጠላው ጠቀለላቸው። ከባሕር ማዶ የተሸከመው ስጦታ ነው። ነጠላውን ተቀብዬ የመኪናዋ ኋላ ከቪቶ ከገዛሁት ቼይን ጋር አስቀመጥኩት።

የሚስተካከለውን መረጥኩ። ገብቶ ሲያልቅ ቪቶ አባቴን ከጎኔ አስቀመጠውና ሰፈሩን እንድዞር አዘዘኝ። ዞረን ስንመለስ አባቴ መዳፉን ወደ ታች አወረደ፤ ቪቶ ቁልፏን አላላ። እንደገና ዞርን፤ እንደገና መዳፉን አወረደ። በሦስተኛው ዙር የትራሙን ሐዲድ ስናቋርጥ የአባቴ እግር ፍሬን አልረገጠም። በራፉ ላይ ስንቆም አውራ ጣቱን አነሳ። ባቡሩን ትቶ ከእኔ ጋር ወደ ሜልተን ተመለሰ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ማለዳ ተነሳን። ጎማዎቹን አራቱንም በጫማው መታ መታ አደረገ፤ ከዚያ ወደ ግራ በር ሳይሳሳት ሄደ። ከተማውን አልፈን፣ ወይን እርሻውን አልፈን፣ ጫካ ውስጥ ገባን። ስለዚህ ጫካ ሰምቼ ነበር፤ ማየት ግን ሌላ ነው። ባሕር ዛፍ ነው። ግን ምን ዓይነት ባሕር ዛፍ። ግንዱን አራት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም፤ ጫፉ ጭጋግ ውስጥ ገብቶ አይታይም፤ ሥሩ የሚበቅለው ፈርን የሚባል ቅጠላም ተክል ራሱ ከሰው ይረዝማል። አባቴ ቆቡን አወለቀ።

"ይሄ የኛው ባሕር ዛፍ ነው?"

"የኛ የመጣው ከዚህ ነው አባዬ። አገሩ እዚህ ነው።"

ብዙ መንገድ ዛፎቹን በመስኮት ሽቅብ ሲያይ ሄደ። ከዚያ፣ "የኛው እንጨት ብቻ ነው እንግዲህ" አለ። "ይሄ ዘሩ ነው። አገሩ ላይ ያለ ነገር እንዲህ ያድጋል ማለት ነው።" ስለ ዛፉ ብቻ የተናገረ መስሎኝ ነበር፤ ቆይቶ ነው ሆዴ የገባው።

ሜሪስቪል የምትባለውን ትንሽ ከተማ ካለፍን በኋላ ተራራው ተጀመረ። መንገዱ ርሷል፣ ይጠማዘዛል፤ መኪናዬ ኩርባዎቹን እንደ ድሮዋ ትይዛለች፣ ጉድጓዱን ግን ትውጠዋለች። በመጀመሪያ የመንገዱ ዳር ነጣ፤ ከዚያ ቅጠሉ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር። አናቱ ላይ ስንደርስ ብርቱካናማ ጃኬት የለበሰ ሠራተኛ መኪና ማቆሚያ አሳየኝ፤ ቦታው ዳገት ነው። ወደ መስኮቴ መጥቶ፣ "የእጅ ፍሬን አትያዢ፤ እዚህ ብርድ ላይ ይደርቅና አይለቅሽም። በማርሽ አቁሚና ጎማው ሥር ታኮ አድርጊ" አለኝ።

"ምን አለ?" አለ አባቴ።

ነገርኩት። አባቴ ወጣ። የኋላውን ከፈተ፤ ነጠላውን ፈታ። ሁለቱን ቁራጮች ወሰደና በረዶው ላይ ተንበርክኮ አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ የኋላ ጎማ ሥር ወሸቃቸው፤ በተረከዙ ረግጦ አጠበቃቸው። ልክ ናቸው። ለዚያ ቦታ የተቀረፁ ይመስላሉ። ሠራተኛው አይቶ "ፐርፌክት" አለ። አባቴ ቀና ብሎ ወገቡን ይዞ መኪናዬን በትከሻው ገፋት፤ አልተነቃነቀችም። የጅቡቲ መንገድ ጎማ የእኔን መኪና በረዶ ላይ ይዟታል። የአባቴን ፊት ያኔ ብታዩት።

ከዚያ ዞሮ ተራራውን አየ። ድምፅ የለም። እኔ ስለ ድምፁ አላሰብኩም ነበር፤ በረዶ ዝም ያሰኛል። ዛፉ ነጭ፣ ድንጋዩ ነጭ፣ ልጆች በፕላስቲክ ላይ ተቀምጠው ሲንሸራተቱ የሚጮኹት እንኳ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ጓንቱን አወለቀና ጎንበስ ብሎ ዘገነ። መዳፉ ላይ ሲሟሟ አየው። ሌላ ዘገነ። አባቴ አልቃሽ አይደለም ብያችኋለሁ። ከብርዱ ነው አለ።

"እናትሽ ብታየው" አለ። ተራራው ላይ ጎን ለጎን ቆምን። እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ነጭ ነገር ሰው በማይኖርበት ቦታ ለምን ያፈሳል ብዬ አሰብኩ።

ስንመለስ አባቴ ትንሽ አወራ፤ ስለ ዳገት፣ ስለ ከባድ መኪና ፍሬን። ጫካው ውስጥ እያለን ድምፁ ተቋረጠ። አየት ሳደርገው ራሱ መስኮቱ ላይ ተደግፎ፣ አፉ ትንሽ ተከፍቶ፣ ቀኝ እግሩ ተዘርግቶ እንቅልፍ ወስዶታል። ልጅ ሆኜ ሲያወራ እሰማው የነበረ አንድ ነገር አለ፤ ሾፌር ሌላ ሾፌር አጠገብ አይተኛም። ረዳቱ ሲነዳ እንኳ ዓይኑን ገርበብ ያደርጋል እንጂ አይተኛም ይል ነበር። ማርሹን ቀስ ብዬ ቀየርኩ። ኩርባዎቹን እንደ እንቁላል ይዤ ወረድኩ፤ እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ። ሜልተን እስክንደርስ አልነቃም። መንገዱ የተቆፈረበት ቦታ ላይም አልነቃም።

ነሐሴ ላይ ሄደ። ቆይ አልኩት፣ ማራዘም ይቻላል አልኩት። "አገሩ ላይ ያለ ነገር ነው" አለኝ፤ ዛፉ ትዝ አለኝ። ከጎማዎቹ አንዱን ለእኔ ትቶ አንዱን ይዞ ተመለሰ፤ የሚሠሩት አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም።

ትናንት ከሺፍት ስመለስ ግቢዬ ውስጥ አቁሜ ደወልኩለት። አዲስ አበባ ዝናብ ነው፤ ከጀርባው ቆርቆሮው ሲደበደብ ይሰማል።

"ሞላው እንዴት ነው?" አለኝ፤ እንዴት ነሽ ከማለቱ በፊት።

"ደህና ነው። ግን ለአንተ ክብደት ነው የተስተካከለው። አሁን ብቻዬን ስነዳ በግራ በኩል ቀለል ይላታል።"

"ሰው ጫኚባታ" አለኝ። ሳቅን። ያላገባሁ መሆኔን በዘዴ ያነሳበት መንገድ ነው።

"አሁን የት ነሽ?"

"መኪናው ውስጥ። በአንተ ወንበር ነው የተቀመጥኩት።"

ዝናቡ እንዳይረብሸው በር ሲዘጋ ሰማሁት። ከዚያ፣ "ስሚ" አለኝ፣ "ጎረቤቶች ሲያወሩ ሰማሁ። የአሰብ መንገድ አንድ ቀን ይከፈት ይሆናል ይላሉ። ከተከፈተ ነይ። ባሕሩን አሳይሻለሁ።"

"አንተ ትነዳለህ?"

"ማን ሊነዳ ነው ታዲያ?"

እሺ አልኩት። ወገቡ እንዴት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ከእግሬ ሥር ምንጣፉ ላይ ተረከዙ ያሻከረው ቦታ አለ፤ የሌለውን ፍሬን ሲረግጥ የቀረ። እግሬን እዚያ ላይ አድርጌ ረገጥኩት።